ሁለት ጉልበት፣ ሁለት ዝግጅት፦ ወላጆቻችን ኦፕራሲዮን ከመግባታቸው በፊት የቱን ወረቀት እንምረጥ?

እናቴ በሁለት ዓመት ልዩነት ሁለቱንም ጉልበቶቿን አስቀየረች። ቀኙን በ76 ዓመቷ፣ ግራውን በ78። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ሁለቱም ኦፕራሲዮኖች በቀጠሮ የተያዙ ነበሩ። ማንም አላጣደፈንም። ለመጀመሪያው ዎከር ገዛን፣ እንዳያደናቅፋት ምንጣፉን አነሳን፣ አጥሚት አዘጋጀን። በቃ። ለሁለተኛው ግን አንድ ወረቀትና በሦስት ቡና ላይ የተጨዋወትነው ረጅም ጨዋታ ተጨመረ።

በመጀመሪያው ቀን ሆስፒታል የደረስነው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መዝጋቢዋ የኢንሹራንስ ካርዱን እየተቀበለች «አድቫንስ ዳይሬክቲቭ አላት?» ብላ ጠየቀችኝ። «የላትም» አልኳት። ለእማዬ አልተረጎምኩላትም። በባዶ ሆዷ፣ በዚያ ጠዋት፣ ያንን ማንሳት ሟርት መሰለኝ።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። በማግስቱ ማታ ግን እማዬ ሰው መለየት አቃታት። ከሞተች ብዙ ዓመት ከሆናት እህቷ ጋር ስታወራ አደረች። ሐኪሞቹ ዴሊሪየም አሉት። ከኦፕራሲዮን በኋላ ትልልቅ ሰዎችን በብዛት የሚያጋጥም መቃዠት ነው። ከዚያ ሳንባዋ ኢንፌክሽን ያዘው፤ ኦክስጅኗ ወረደ። ሐኪሙ «ትንፋሿ ቢደክም የመተንፈሻ ማሽን ትፈልግ ነበር?» ብሎ ጠየቀን። ዳላስ ያለው ታላቅ ወንድሜ በስልክ «ሁሉንም አድርጉላት» አለ። እህቴ «እማዬ ማሽን ላይ መሆን አትፈልግም» አለች። እኔ አለቀስኩ።

እማዬ በአራተኛው ቀን ወደ ልቧ ተመለሰች። ማሽኑም አላስፈለገም። ወንድሜና እህቴ ግን ለወራት በደንብ አልተነጋገሩም።

ስለዚህ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ሄርኒያ ወይም የሐሞት ጠጠር ለማሠራት ቀጠሮ የያዙ እናት ወይም አባት ካሏችሁ፣ ያሉትን አማራጮች እንደኖርኩትና እንደተማርኩት ላስረዳችሁ። ስለ ሕጉ የምናገረው በዋናነት ብዙዎቻችን ስላለንበት የዋሽንግተን ዙሪያ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቃሉን እንግለጠው

አድቫንስ ዳይሬክቲቭ ማለት «ራሴን መግለጽ ቢያቅተኝ ሕክምናዬ እንዲህ ይሁን፣ ስለኔም እከሌ ይናገር» ብሎ አስቀድሞ ማስቀመጥ ነው። ንብረት የሚወረስበት ኑዛዜ አይደለም። እማዬ መጀመሪያ የገባት እንደዚያ ነበር። «ዕቃዬን ልትከፋፈሉ ነው እንዴ?» ብላኛለች። ሌላ ነገር ከማውራታችሁ በፊት ይህን አጥሩ።

መዝጋቢዋ የጠየቀችኝ ሕግ ስለሚያስገድዳት ነው። ናንሲ ክሩዛን የምትባል የሚዙሪ ወጣት በ1983 በመኪና አደጋ ራሷን እንደሳተች ቀረች። ወላጆቿ የምግብ ቱቦው ይነሳላት ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟገቱ። ፍርድ ቤቱ በ1990 በሰጠው ውሳኔ፣ ግዛቲቱ የልጅቷን ፈቃድ የሚያሳይ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ መጠየቅ ትችላለች አለ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ አንድ ሕግ አወጣ። ከሜዲኬርና ከሜዲኬድ (ከመንግሥት የጤና ኢንሹራንሶች) ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ታካሚ ሲያስተኛ ስለዚህ መብቱ መንገር አለበት። ወረቀት የላችሁም ብሎ ግን ሕክምና ሊከለክላችሁ አይችልም።

አንደኛው ምርጫ፦ «ልጆቼ ያውቃሉ» ብሎ መተው

አብዛኞቻችን ያለነው እዚህ ነው። ምንም አለመጻፍ ምርጫ አይመስልም፤ ነው ግን። ወረቀት ከሌለ ሕጉ ራሱ ሰው ይመርጥላችኋል። በሜሪላንድ ፍርድ ቤት የሾመው ሞግዚት ከሌለ ቅድሚያው የትዳር ጓደኛ ነው። ቀጥሎ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ ከዚያ ወላጅ፣ ከዚያ እህትና ወንድም ይመጣሉ።

ልጆች ሁሉ እኩል ናቸው። ታላቅ ታናሽ የለም። ካልተስማሙ ሐኪሙ ጉዳዩን ለሆስፒታሉ አማካሪ ኮሚቴ ይመራዋል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ከሆናችሁ ደግሞ ሐኪሙ በቅርብ ሊገኙ ከቻሉት ልጆች የአብዛኞቹን ቃል መከተል ይችላል። አስቡት። የእናታችሁ ነገር በእጅ ብልጫ ሲወሰን።

አንድ የትዳር ጓደኛ ወይም አንድ ልጅ ብቻ ላለው፣ በጉዳዩም በደንብ ለተነጋገረ ሰው ይህ መንገድ ሊበቃ ይችላል። ለሁለት ዓይነት ቤተሰብ ግን ፈጽሞ አልመክረውም። አንደኛው ልጆቹ በየከተማው የተበተኑበት ነው። ሁለተኛው ባልና ሚስት ተለያይተው በወረቀት ያልተፋቱበት ነው። ሃያ ዓመት አብሮ ያልኖረ ባል በሕግ ፊት አሁንም ባል ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ነው።

ሁለተኛው፦ ወኪል መሾም

ከሁሉም አንዱን ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። ወላጃችሁ «እኔ መናገር ሲያቅተኝ ስለ ሕክምናዬ የምትናገረው እከሊት ናት» ብለው ይፈርማሉ። ያ ሰው የጤና ወኪል ይባላል።

ውክልና የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ኤምባሲ ተሰልፈን አዲስ አበባ ላለው ቤት ሰጥተናል። ባንክ ሄደን ፓወር ኦፍ አቶርኒ ሞልተናል። እነዚያ የገንዘብና የንብረት ናቸው። ለሕክምና ውሳኔ አያገለግሉም። የጤናው ለብቻው መሠራት አለበት።

ወረቀት ነገሮችን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ ወኪል ግን ስልክ ታነሳለች። ሐኪሙ ያልተጠበቀ ነገር ይዞ ሲመጣ ትጠይቃለች፣ ታመዛዝናለች፣ እናቷን ታስታውሳለች። ኦፕራሲዮን ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር የበዛበት ነው። እንደ እማዬ ለሦስት ቀን ብቻ መናገር ያቃተው ሰው የሚያስፈልገው አጠገቡ ሆኖ የሚናገርለት ሰው ነው።

ታዲያ ማን ይሁን? በባህላችን የበኩር ልጅ ይቀድማል። ወንድ ከሆነማ ጥያቄም የለው። እኔ ግን ሌሎች ነገሮችን እንድታዩ እለምናችኋለሁ። ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ማነው? ሐኪም ፊት «አልገባኝም፣ ድገሙልኝ» ለማለት የማያፍረው? ከሁሉ በላይ፣ እሱ ራሱ የማይስማማበትን የእናቱን ፍላጎት እንደ ነገረችው መናገር የሚችለው የቱ ነው? ይህ የመጨረሻው ከባድ ነው። ብዙ የሚወድ ልጅ ብዙ ጊዜ ይወድቅበታል።

እማዬ እኔን አልመረጠችም። አብሬያት የምኖረው እኔ ነኝ፤ ሐኪም ቤት የማመላልሳትም እኔ ነኝ። «አንቺ ታለቅሻለሽ» አለችኝ። እህቴን መረጠች። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። እውነቷን ነው ግን።

ለወንድሜ ራሷ ደወለችለት። «አንተ ታላቅ ነህ፤ ሁሉንም ሰብስብ፣ አስታርቅ። ከሐኪም ጋር የምትነጋገረው ግን እሷ ትሁን» አለችው። ይህንን ወኪል ሆና የተሾመችው ልጅ ብትናገረው ሥልጣን መቀማት ይመስል ነበር። ከእናት አፍ ሲወጣ ግን ክብር ሆነለት። ስለዚህ ምርጫውን ለሌሎቹ ልጆች ወላጅ ራሳቸው ይንገሩ። በድምፅ የተቀዳ መልእክትም ቢሆን ይሁን።

ሁለት ሰው እኩል ወኪል አድርጎ መሾም ደግ ይመስላል። ጠቡን ከቤት ወደ ሆስፒታል ማዛወር ነው። አንድ ዋና፣ አንድ ተተኪ ይበቃል። እኔ ተተኪ ነኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በሜሪላንድ ሕግ፣ የሚታከሙበት ተቋም ባለቤት ወይም ሠራተኛ ወኪል ሊሆን አይችልም። የቅርብ ቤተሰብ ከሆነ ግን ይቻላል። ብዙዎቻችን ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም ስለምንሠራ ጥያቄው ይነሳል። እዚያው ሆስፒታል ነርስ የሆነች ልጃቸው ትችላለች። በጎረቤትነት የምታውቃቸው የዚያው ሆስፒታል ነርስ አትችልም።

ለወኪሏ ምን ይነገር?

ስም ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ግማሽ ሥራ ነው። ወኪሏ ምን እንደምትል ማወቅ አለባት።

ከሞት አትጀምሩ። ከጉልበቱ ጀምሩ። እኛ «እማዬ፣ ግራው ከተስተካከለልሽ ምን ልታደርጊበት ነው?» ብለን ጀመርን። «ቆሜ ላስቀድስ፤ ደግሞ ደረጃውን ራሴ ልውረድ» አለች። ከዚያ ቀስ ብለን «ቀኙ ሲሠራ እንደዚያ ሆነሽ ነበር፤ እንደገና ቢመጣ ምን ይደረግልሽ?» አልናት። በመጀመሪያው ቀን «እግዜር ያውቃል» ብላ ዘጋችው። አልገፋንም። በሁለተኛው ቡና ራሷ አነሳችው። በመካከሉ የንስሐ አባቷን ጠይቃ ኖሯል። መታከምም መዘጋጀትም ከእምነት ጋር አይጣሉም ብለዋታል። የእናንተም ወላጆች የሚሰሟቸው ቄስ፣ ፓስተር ወይም ሼህ ካሉ አስቀድማችሁ አማክሯቸው። እኛ ልጆች አሥር ጊዜ ከምንናገረው የእነሱ አንድ ቃል ይበልጣል።

የእማዬ መልስ ይህ ነበር። «ለመዳን ከሆነ ማሽኑንም እችለዋለሁ። ሐኪሞቹ ተስፋ አለ እስካሉ ድረስ። ግን ልጆቼን ሳላውቅ፣ በቱቦ እየበላሁ ዓመት መክረም አልፈልግም።» ወንድሜ ግማሹን ያውቅ ነበር። እህቴ ሌላውን ግማሽ። ያኔ ኮሪደር ላይ የተጣላነው ሁላችንም በግማሽ እውነት ነበር።

ከዚህ መልስ አንድ ጠቃሚ መመሪያ ወጣ። ሐኪሞች የጊዜ ገደብ ያለው ሙከራ ይሉታል። ማሽኑም ሌላውም ይሞከር፤ ነገር ግን ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ሐኪሙና ቤተሰቡ ቁጭ ብለው ለውጥ አለ ወይ ብለው ይዩ። «ሁሉንም አድርጉ» እና «ምንም አታድርጉ» በሚሉት መካከል ሰፊ ቦታ አለ። ለአብዛኛው አዛውንት የሚስማማው እዚያ ይመስለኛል።

ሦስተኛው፦ ሊቪንግ ዊል

ይህ የትኛውን ሕክምና እንደምንፈልግ፣ የትኛውን እንደማንፈልግ የሚገልጽ የምኞት ጽሑፍ ነው። በሜሪላንድ ቅጽ ላይ ስለ ሦስት ሁኔታዎች ይጠየቃል። የማይድን ሕመም ይዞ ሞት ሲቀርብ፣ ራስን ለዘለቄታው ስቶ መቅረት፣ እና በሽታ መጨረሻ ደረጃ ላይ ሲደርስ። እነዚህን ሁኔታዎች ሐኪሞች ማረጋገጥ አለባቸው።

ችግሩን አያችሁት? ከጉልበት ቅየራ በኋላ የሚመጣ ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ በአንዱም አይወድቅም። መቃዠት፣ የሳንባ ኢንፌክሽን፣ ቀለል ያለ ስትሮክ፣ የኩላሊት መዳከም። «ሊሻላት ይችላል፣ ላይሻላትም ይችላል» የሚባልበት ነው። ሊቪንግ ዊሉ እዚያ ዝም ይላል። ለዚህ ነው ከወኪል የማላስቀድመው።

ወኪል የሚሆን ሰው ለሌላቸው፣ እዚህ አገር ብቻቸውን ላሉ አዛውንት ግን ትልቅ ነገር ነው። ቃላቸው ብቻ ነው የሚናገርላቸው። ለሌሎቻችን ከወኪሉ ጋር አብሮ ቢሞላ ጥሩ ነው። ቅጹ አንድ ላይ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም።

ሲሞላ አንድ ምርጫ ላይ ቆም በሉ። የጻፍኩት ለወኪሌ መመሪያ ይሁን ወይስ ቃል በቃል ይፈጸም የሚል አለ። እማዬ መመሪያ ይሁን አለች። እህቴን ታምናታለች። ልጆቼ በሐዘን ፈቃዴን ይለውጡብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ደግሞ ቃል በቃል የሚለውን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

አራተኛው፦ ሞልስት

ከላይ ያሉት የታካሚ ፍላጎት ናቸው። ሞልስት ግን ሕይወት ስለሚያቆዩ ሕክምናዎች የሚጻፍ የሐኪም ትእዛዝ ነው። ሐኪም ወይም ተመሳሳይ ሥልጣን ያለው ባለሙያ ይፈርምበታል፤ አምቡላንስ ጭምር ያከብረዋል። ዲ.ሲ.ም ቨርጂኒያም የየራሳቸው ተመሳሳይ ቅጽ አላቸው። የተሠራው በጠና ለታመሙና አቅማቸው በጣም ለደከመ ሰዎች ነው። ጉልበቱን ሊያሠራ በእግሩ የሚገባ ሰው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይህን ፍለጋ መሄድ የለበትም።

ቅጹ ራሱ ግን እናንተን ፈልጎ ሊመጣ ይችላል። በሜሪላንድ አንድ ታካሚ ከሆስፒታል ወደ ነርሲንግ ሆም ሲዛወር ሞልስት መሞላት አለበት። ከጉልበት ወይም ከዳሌ በኋላ ለሪሃብ፣ ማለትም ለማገገሚያ፣ የሚኬደው ብዙ ጊዜ ወደ ነርሲንግ ሆም ነው። ስለዚህ በመውጫው ቀን አንድ ሰው መጥቶ «ልቧ ቢቆም ሲ ፒ አር ይደረግላት?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ሲ ፒ አር ደረት እየጫኑ የቆመ ልብን ለማስነሳት መሞከር ነው። እኛ በመጀመሪያው ጊዜ ደንግጠን ነበር። የደበቁን ነገር አለ ብለን።

የደበቁት የለም። ቅጹ ለሁሉም ነው። «ሲ ፒ አር ይሞከር» የሚል ሳጥንም አለው፤ ያንን መምረጥ ይቻላል። መጠየቅ ያለባችሁ «ይህ ምርጫ የማን ነው? እሷን አነጋግራችኋል?» ብላችሁ ነው። ቅጂውን ተቀብላችሁ የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳለ በዓይናችሁ እዩ።

ዲ ኤን አር ያላቸው ሰው ኦፕራሲዮን ሲገቡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ግራ መጋባት የማየው እዚህ ነው።

ዲ ኤን አር ማለት «ልቤ ወይም ትንፋሼ ቢቆም ለማስነሳት አትሞክሩ» የሚል ትእዛዝ ነው። ሌላ ሕክምና አይከለክልም። ዲ ኤን አር ያለው ሰው ዳሌው ሲሰበር፣ ወይም አንጀቱ ሲዘጋ፣ ወይም ሕመም የሚያስታግስ ኦፕራሲዮን ሲያስፈልገው መሠራት ይችላል። ጥያቄው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ትእዛዙ ምን ይሁን የሚለው ነው። ምክንያቱም ሙሉ ማደንዘዣ ራሱ ትንፋሽን ያዳክማል። ቱቦ ይገባል፣ ግፊት ሲወርድ መድኃኒት ይሰጣል። ሌላ ቦታ ነፍስ ማዳን የሚባለው እዚያ የዕለት ሥራ ነው።

ድሮ ብዙ ቦታ ትእዛዙ በሩ ላይ በራሱ ይነሳ ነበር። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር በ1993 ባወጣው መመሪያ ይህ ትክክል አይደለም አለ። ከታካሚው ወይም ከወኪሉ ጋር እንደገና መነጋገር ያስፈልጋል። ሦስት መንገድ አለ።

በመጀመሪያው፣ ዲ ኤን አሩ ለኦፕራሲዮኑና ከማደንዘዣው እስኪነቁ ድረስ ሙሉ በሙሉ ይነሳል። በሁለተኛው፣ ሕክምናዎቹ አንድ በአንድ ይለያሉ፤ ለምሳሌ «ቱቦና መድኃኒት እሺ፣ ደረት መጫን እምቢ»። በሦስተኛው ታካሚው ግቡን ይናገራል፣ የቀረውን ለሐኪሙ ይተዋል። «በቶሎ የሚስተካከል ነገር ከሆነ አስተካክሉት፤ አእምሮዬን የሚያሳጣኝ ከሆነ ተዉኝ» እንደማለት ነው።

ሦስተኛው በቃል ያምራል። ሰው የሚያስበውም እንደዚያ ነው። ነገር ግን የሚሠራው ሐኪሙ ታካሚውን በደንብ ሲያውቅ ነው። ማደንዘዣ ሐኪሙን ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናገኘው በዚያው ጠዋት ነው። በቀጠሮ ለሚደረግ ኦፕራሲዮን እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ትእዛዙ መቼ እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚመልሰው በግልጽ ይጻፍ። «ከነቃች በኋላ» አይበቃም። ሰዓቱ ወይም ክፍሉ ይጠቀስ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። በ2009 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት ሜዲኬር ያላቸውን 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች አይቶ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሲ ፒ አር ከተደረገላቸው በሕይወት የወጡት 18 ከመቶ ገደማ ናቸው። ፊልም ላይ እንደምናየው አይደለም። ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ልብ ሲቆም ሁሉም ቆመው እያዩ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይታወቃል፤ መድኃኒት ነው፣ ደም መፍሰስ ነው። መፍትሔውም እጃቸው ላይ ነው።

ዲ ኤን አር የሌላቸው ወላጅ ደግሞ ለኦፕራሲዮን ሲሉ ብቻ አዲስ ማውጣት አያስፈልጋቸውም። «ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ይሻላታል» የሚል ሰው ካለ፣ የሚሻላትን እሷ ትናገር።

ከሰርጀኑ ጋር

በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ግሬቸን ሽዋርዝ የሚባሉ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ቀላል ዘዴ ሠርተዋል። ሰርጀኑ በመቶኛ ከመናገር ይልቅ ታሪክ ይንገር ይላል። ሁሉም ቢሳካ እንዴት ይሆናል? ሁሉም ቢበላሽስ? ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የሚጠበቀው የቱ ነው? እኛ ይህን ለግራው ጉልበት ጠየቅን። ሰርጀኑ ደስ ብሎት መለሰ። ያለፈው መቃዠት ሊደገም እንደሚችል ያወቅነው ያኔ ነው። መነጽሯና የጆሮ መስሚያዋ ወዲያው እንደነቃች እንዲደረጉላት፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው አጠገቧ እንዲያድር ተነጋገርን።

እንዲሁ መኖርስ? የሚለውንም ጠይቁ። ኦፕራሲዮኑን አለማድረግ ወይም ማቆየት ራሱ አማራጭ ነው። አንዳንድ ወላጆች «እምቢ» ለማለት የሚጠብቁት የኛን ፈቃድ ነው።

እባካችሁ በዚህ ቀጠሮ ላይ አስተርጓሚ አትሁኑ። እኔ ለዓመታት ሆኛለሁ፤ መጥፎውን እየዘለልኩ ነበር የምተረጉመው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብላችሁ አስመዝግቡ። እማዬ ስለ ሁለተኛው ጉልበት ያልጠበቅናቸውን ጥያቄዎች ጠይቃለች። በልጇ አፍ አልጠየቀቻቸውም ነበር።

ወረቀቱን መጨረስ

ጠበቃ አያስፈልግም። የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ቅጹን በነፃ ያወጣል። ኖታሪም አያስፈልግም። ሁለት ምስክር ይበቃል። ወኪሏ ምስክር መሆን አትችልም። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ከሞታቸው ምንም የማይጠቀም ሰው መሆን አለበት። በዲ.ሲ. የሚያክሟቸው ሰዎች መመስከር አይችሉም፤ ከምስክሮቹም ቢያንስ አንዱ ዘመድና ወራሽ ያልሆነ ይሁን። ቨርጂኒያ ዘመድም መመስከር ይችላል። እኛ ከማኅበር ሁለት ወዳጆቿን ጠርተን ቡና ላይ አስፈረምን።

ጊዜው ካለፈባችሁም ተስፋ አትቁረጡ። በሜሪላንድ ታካሚው ለሐኪሙ አንድ ምስክር ባለበት በቃል ቢናገርና መዝገብ ላይ ቢጻፍ ይቆጠራል።

ስለዚህ ጉዳይ ከፕራይመሪ (ከመደበኛ) ሐኪም ጋር ለመነጋገር ሜዲኬር ከ2016 ጀምሮ ይከፍላል። ከዓመታዊው የጤና ጉብኝት ጋር ከተደረገ ከኪስ አይጠየቅም። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ያዙት። ቅጂ ለወኪሏ፣ ለተተኪዋ፣ ለፕራይመሪ ሐኪሙና ለሰርጀኑ ቢሮ ስጡ። ስልካችሁ ላይ ፎቶውን አስቀምጡ። ባንክ ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ወረቀት ሌሊት ማንንም አይረዳም።

ሌላ አገር ላላችሁ በአጭሩ። በእስራኤል የ2005ቱ ሕግ ቅድመ መመሪያ ይፈቅዳል፤ ግን ለአምስት ዓመት ነው የሚጸናው፣ መታደስ አለበት። በጀርመን ልጅ ስለሆናችሁ ብቻ ለወላጅ መወሰን አትችሉም፤ የውክልና ወረቀት ያስፈልጋል። በእንግሊዝ ውክልናው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት መመዝገብ አለበት፤ ያ ሳምንታት ይወስዳል፣ ቀድሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ማንም ሰው ሕክምና አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይናገራል። እዚያ ላሉ ወላጆቻችሁ ፍላጎታቸውን በራሳቸው ቃል ጽፈው ፈርመውበት፣ ለሐኪሙና ለሚያስታምሟቸው ሰው ቢሰጡ መልካም ነው።

ግራ ጉልበቷ በተሠራበት ጠዋት አሁንም አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ሌላ መዝጋቢ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። አስተርጓሚው በስክሪን ተረጎመላት። እማዬ ከነጠላዋ ስር ቦርሳዋን አውጥታ የታጠፈ ወረቀት አቀበለቻት። ከዚያ ወደ እህቴ ጠቁማ «ስልኳን ጻፊ፤ ሌሊትም ታነሳለች» አለች።